የቶርንዳይክ ድመቶች ደሴ ገቡ

ዛሬ በጦሳ ብርድ ስለ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስለ ቶርንዳይክ ድመቶች ሳስተምር ዋልኩ። ሰውዬው በ1898 (በፈረንጆቹ) ባሳተመው ጥናቱ የተራበች ድመት ሳጥን ውስጥ ይዘጋል። ምግቡ ውጭ ነው። ገመዱን ስትስብ በሩ ይከፈታል። የእሱ ሥራ ሰዓት መያዝ!

መጀመሪያ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች፣ በአጋጣሚ ትወጣለች። ደጋግማ ስትገባ የምትወጣበት ጊዜ ቀስ በቀስ ያጥራል። "ገባኝ!" ብላ ድንገት አትዘልም። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ምን እንደምታስብ ከመገመት ይልቅ ደቂቃና ሰከንድ ቆጠረ።

አንዱ ተማሪ፣ "ወላሂ ቲቸር፣ የእኛ ቤቷ ዶሮ ወጥ ሲሸታት ያለ ሳጥንም በር ትከፍታለች!" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ያለችው ግን፣ "ጠግባ ቢሆንስ?" ብላ ጠየቀች። ጎበዝ! ጠግባ ቢሆን ምን ያስቸኩላታል? ረሃቧም የሙከራው አካል ነው።

ነገ የሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ የስኪነር እርግቦች ተራ ነው።