አምስት ዓመት መቃብር የተነፈገ ንጉሥ

ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት ጎረቤታችን አርፈው ለቀብር ስንሰናዳ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «የንስሐ አባታቸው ማን ናቸው?» የሚል ነበር። ልጃቸው ለማልቀስ እንኳ ጊዜ ሳታገኝ ካህኑን ፍለጋ ስትሮጥ ቆየች፤ እርሳቸው ደርሰው «የንስሐ ልጄ ነበሩ» ብለው ሲመሰክሩ በፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ምሽት ጀምሮ የማስበው ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት በጀርመን አገር ቤተ ክርስቲያን መቃብር ስለነፈገችው ስለ ሄንሪ 4ኛ አስከሬን ነው። (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህ ንጉሥ የሚታወቀው በጥር 1077 በሰሜን ጣሊያን በካኖሳ ግንብ ደጃፍ፣ በበረዶ ላይ፣ ባዶ እግሩን ሦስት ቀን ቆሞ የሮማውን ፓፓ ጎርጎርዮስ 7ኛን ይቅርታ በመለመኑ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጀርመኗ ከተማ በዎርምስ ከጳጳሳቱ ጋር ተሰብስቦ ፓፓውን «ከመንበርህ ውረድ» ብሎት ነበር፤ ፓፓውም በምላሹ አወገዘው፣ ሕዝቡንም ለንጉሡ ከገባው መሐላ ፈታው። መሳፍንቱ ውግዘቱ በዓመት ውስጥ ካልተነሣለት እንደማይገዙለት ስላስታወቁ፣ ንጉሡ በብርድ የአልፕስን ተራራ ከማቋረጥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

የጠቡ መነሻ ጳጳሳትን የሚሾመው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሲሆን፣ ንጉሡ ለተሿሚው ቀለበትና በትር መስጠቱ የዚያ ምልክት ነበር። በዚያ ዘመን ጳጳስ ማለት በእኛ ቃል ሰፊ ጉልት ያለው፣ ወታደር የሚያዘምት ሹም ነው፤ ርስቱን የሚያወርሰው ልጅ ስለሌለው ደግሞ ለንጉሥ ከመሳፍንቱ ይልቅ የሚታመን አገልጋይ ነበር። ጎርጎርዮስ ምእመን የሆነ ሰው ለካህን የእረኝነት በትር ሊሰጥ አይገባም ማለቱ ትክክል ይመስለኛል። የሚያሳዝነኝ ግን ነፍስን ወደ ንስሐ ለመመለስ የተሰጠው ውግዘት ዙፋን መገልበጫ መሆኑ ነው፤ አንድ ጊዜ ለዚህ ከዋለ በኋላ ማንም እንደ መሣሪያ ይጠቀምበታልና።

ሄንሪ በ1080 ዳግመኛ ተወገዘ፣ በ1084 ሮማን ያዘ፣ ጎርጎርዮስም በ1085 በሳሌርኖ በስደት አረፈ። ውግዘቱን በመጨረሻ እንደ መሣሪያ የተጠቀመበት የገዛ ልጁ ሄንሪ 5ኛ ነው፤ ለተወገዘ አባት መታዘዝ አይገባኝም ብሎ ዐመፀ፣ በ1105 በገና ሰሞን አባቱን አስሮ ዘውዱን አስለቀቀው። አባትየው አምልጦ በዛሬዋ ቤልጂየም ወዳለችው ሊዬዥ ገባ፣ በዚያም ነሐሴ 7 ቀን 1106 ሞተ። ሊሞት ሲል ሰይፉንና ቀለበቱን ለልጁ ልኮ የለመነው በስፓየር ካቴድራል ከአባቶቹ ጎን እንዲቀበር ነበር።

ሊዬዥ ላይ በካቴድራሉ ከተቀበረ በኋላ የተወገዘ ነው ተብሎ ተቆፍሮ ወጣ፤ ባልተባረከ ጸሎት ቤትም ተቀመጠና አንድ መነኩሴ ዳዊት ይደግምለት ነበር። ገበሬዎች ግን ሣጥኑን እየዳሰሱ፣ እህሉ እንዲባረክላቸው ዘራቸውን በላዩ ያኖሩ ነበር። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ ሊቃውንቱ ርኩስ ያሉትን አስከሬን፣ እጁ አፈር የነካው ሰው የበረከት ምንጭ አድርጎ አየው። ወደ ስፓየር ሲመጣም የዚያው አገር ጳጳስ ከካቴድራሉ አጠገብ ባለ፣ ገና ባልተባረከ ጸሎት ቤት አስቀመጠው፤ ራሱ ሄንሪ አስፍቶ ያሠራው ሕንጻ በሩ ተዘግቶበት አምስት ዓመት ቆየ።

በ1111 ልጁ ፓፓ ጳስካል 2ኛን በሮማ አስሮ የፈለገውን በግድ አስፈረመ፤ በዚያው ዓመትም የአባቱ ቀብር ተፈቀደና ነሐሴ 7 ቀን፣ ልክ በሙት ዓመቱ፣ ከአባቶቹ ጎን ተቀበረ። ልጁ ግን በተራው በ1119 ተወገዘ። እርቅ የወረደው በ1122 ቀለበትና በትር መስጠቱን ሲተው ነው። ስምምነቱ የተደረገባት ከተማ ዎርምስ ናት፤ ከ46 ዓመት በፊት አባቱ ፓፓውን «ውረድ» ያለባት።