በአንድ ፍየል ስንት ማሽላ፦ ከደሴ በኮምቦልቻ እስከ ባቲ

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ስላለው 400 ኪሎ ሜትር መንገድ የምጽፈው ብዙ ነገር የለኝም፤ ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ከሚሴ ያለውን በእንቅልፍ ነው ያለፍሁት። ጊዜው የ2011 ዓ.ም. ጥር ማለቂያ ሲሆን፣ የሴሚስተር ዕረፍት አግኝቼ ከደብረ ማርቆስ የተነሣሁት ለዓመታት ስመኘው የኖርሁትን የባቲን የሰኞ ገበያ ለማየት ነበር። ምኞቱ ግን የጎብኚ ብቻ አልነበረም። ስለ ኑሮ ልዩነት ሳስተምር ሁልጊዜ የምጠቅሳቸው ሁለት ጎረቤታሞች፣ የወሎ ደገኛ ገበሬና የአፋር አርብቶ አደር፣ በሳምንት አንድ ቀን ፊት ለፊት የሚገናኙት እዚያ ነው። ስለዚህ አንድ ደብተር ገዝቼ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ለሁለት ከፍዬ፣ በግራው «አማራ»፣ በቀኙ «አፋር» ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

ደሴ የደረስሁት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፎ ነው። ስሙን የማልጠራው ማረፊያ ዘበኛ «ሙቅ ውሃ አለው» ብሎ ክፍሉን በ250 ብር ሰጠኝ፤ ቧንቧውን ስከፍተው ግን ለረጅም ጊዜ አየር ሲያስነጥስ ቆየና ጥቂት ቡናማ ውሃ ተፍቶ ዝም አለ። ወርጄ ስነግረው «አብሽር፣ ጠዋት ይመጣል» አለኝ። ወሎዬ «አብሽር» ካለ በኋላ መቆጣት አይቻልም። ብርድ ልብሱ ስስ ነበር፤ በጎኔ ባለው ክፍል ያደረው ሰው ደግሞ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ በስልክ ሲጨቃጨቅ አመሸ። የማርቆስን ብርድ ለምጄዋለሁ፤ ሲመሽ ገብቶ ሲነጋ የሚወጣ፣ ሥርዓት ያለው ብርድ ነው። የደሴው ከጦሳ ተራራ እየወረደ ሌሊቱን ሙሉ የሚመላለስ ነው። ጠዋት ውሃው በእርግጥ መጣ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ሂሳብ ስጠይቅ 300 ብር ተባልሁ። ሃምሳው ብር ለምን ተጨመረ ብል «ሙቅ ውሃ ያለው ክፍል ስለሆነ ነው» የሚል መልስ አገኘሁና ከፈልሁ። ስለ ዋጋ እያስተማርሁ የምኖር ሰው በዋጋ ክርክር ሁልጊዜ የምሸነፍበትን ምክንያት እስካሁን አላወቅሁትም።

እሑድ ጠዋት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ ከውጭ አይቼ፣ ፒያሳ ላይ ቁርስ በልቼ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉም እዚያው ነው። መንገዱ ግን ከፋብሪካዎቹ ይበልጣል። በባቲና በሚሌ በኩል ከጅቡቲ የሚመጡት ከባድ መኪኖች የአፋርን ምድር አቋርጠው ከተማዋ መሐል ይገባሉ፤ ሾፌሮቹ ወርደው ምሳ ይበላሉ፤ የአፋር ሰው ግን እምብዛም አይታይም። ያቺን ከተማ ከታችኛው አገር ጋር የሚያገናኛት ነገር ሁሉ በጎማ የሚያልፍ መሰለኝ።

ያረፍሁት በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ከግቢያቸው ክፍል በሚያከራዩበት ቤት ነው። ዋጋው 120 ብር ነበር፤ ሙቅ ውሃ ሳልጠይቃቸው በባልዲ አሙቀው «ልጄ፣ መንገደኛ እግሩን ሳይታጠብ አይተኛም» ብለው አስቀመጡልኝ፤ የደሴው ሃምሳ ብር ያን ጊዜ ይበልጥ አንገበገበኝ። እኛ ዕድር የምንለውን እዚህ ቅሬ ይሉታል። እትዬ የጎረቤት ለቅሶ ላይ ውለው ስለ ነበር ማታ ቡና እያፈሉ ስለ ቅሬው አጫወቱኝ፤ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይለይ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ እህል ያዋጣል፣ የቀረውን ይቀጣል። ወደ ባቲ እንደምሄድ ስነግራቸው «አፋሮቹን ለማየት ከሆነ በሌሊት ውጣ፤ ፀሐይ ሳይከር ገበያቸውን ጨርሰው ይመለሳሉ» አሉኝ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት በሚኒባስ ተነሣን። ደጋንና ገርባ በጨለማ አለፉ፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ባቲ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነበር። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ ስሙን የወሰደባት ከተማ ስለ ሆነች ዜማ የምሰማ መስሎኝ ነበር፤ የሰማሁት የፍየልና የግመል ድምፅ ነው። የግመሉ ቦታ ለብቻ፣ የፍየሉ ለብቻ፣ የእህሉ ለብቻ ነው። ሽርጥ የታጠቁ፣ ጊሌ የሚሉትን ጩቤ በወገባቸው የሻጡ የአፋር ወንዶች ከብቶቻቸውን ይዘው በአንድ ወገን ቆመዋል፤ ከቃሉ ደጋ የወረዱት ገበሬዎች ከእህል ከረጢታቸው ጋር በሌላው ወገን ተቀምጠዋል። መሐል ለመሐል የሚሯሯጠው ደላላው ነው። እኔን ያስጠጋኝ ወጣት ደላላ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ እያፈራረቀ የሚናገር የባቲ ልጅ ነው።

አራት ፍየል ይዞ የመጣ አንድ ሰው ከሌላ አፋር ጋር ሲገናኝ ዐየሁ። እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ አንዱ በዝግታ ይናገራል፣ ሌላው በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ አጭር ድምፅ እያሰማ ይቀበለዋል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። «ዳጉ ነው» አለኝ ደላላው። የት እንደዘነበ፣ ሣር የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ገበያው እንዴት እንደዋለ፣ ያየውንና የሰማውን ለይቶ ይነግረዋል፤ ሰሚውም ለሚያገኘው ሰው የማድረስ ግዴታ አለበት። ሲጨርሱ ባለ ፍየሉ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀ። ደላላው ተረጎመልኝ፦ «መምህር፣ ከኮምቦልቻ ከመጡ ማሽላ እዚያ ስንት ገባ? ይላል።»

አላውቅም ነበር። አንድ ሙሉ ቀን ኮምቦልቻ ውዬ የእህል ዋጋ አልጠየቅሁም። የሁለቱን ሕዝቦች የክትባት ሽፋን በቃሌ የማውቅ ሰው በዚያ ገበያ ዳጉ የሌለኝ ብቸኛ ሰው ሆኜ ቆምሁ።

ትልቁ ፍየል አንድ ሰዓት ያህል ካከራከረ በኋላ በ1,700 ብር ተሸጠ፤ ደላላው የሁለቱን እጅ በግድ አያይዞ መታ፣ ከየወገኑም ሃያ ሃያ ብር ወሰደ። ባለ ፍየሉ ብሩን ቆጥሮ በቀጥታ ወደ እህሉ ሄደና ማሽላ በኩንታል 1,300 ብር ገዛ። ሥጋው የሄደው ወደ ደጋ ነው፣ እህሉ ወደ ቆላ። አርብቶ አደር በወተትና በሥጋ ብቻ የሚኖር የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ አንድ ፍየል ታርዶ ከሚያጠግበው ይልቅ ተሸጦ በእህል የሚያጠግበው እጅግ ይበልጣል፤ አፋሩ ይህን የሚያውቀው ከእኔ ትምህርት ቀድሞ ነው። ደላላው ስለ 2008ቱ ድርቅ ሲያጫውተኝ «ሦስት ፍየል ነድተው አንድ ኩንታል ይዘው የተመለሱ አሉ፤ እሱንም ፍየሉ መቆም ከቻለ ነው» አለ።

ሙቀቱ ሲበረታ ሻይ ቤት ገብቼ ደብተሬን ዘረጋሁ። ከቤት ገልብጬ የመጣሁት የ2016 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቁጥር እንዲህ ይላል፦ መሠረታዊ ክትባታቸውን የጨረሱ ሕፃናት በአማራ ክልል 46 ከመቶ፣ በአፋር 15 ከመቶ፤ በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች 27 እና 15 ከመቶ፤ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች 3.7 እና 5.5። እስከዚህ ድረስ ግራው ዓምድ ይሻላል፤ ክፍል ውስጥም የማቆመው እዚህ ላይ ነበር። ቀጣዩ ረድፍ ግን ያደናግራል። የመቀንጨር፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ቁመታቸው ያጠረ ሕፃናት፣ መጠን በአማራ ክልል 46 ከመቶ ሲሆን በአፋር 41 ነው፤ ከቁመታቸው አንጻር የከሱት ሕፃናት ግን በአማራ 10፣ በአፋር 18 ከመቶ ናቸው።

ይህን ረድፍ ለተማሪዎች ደጋግሜ ጽፌዋለሁ፤ ያየሁት ግን በዚያ ሻይ ቤት በር ላይ ነው። ከደጋ ሽንኩርት ይዛ የመጣች እናት ወንድ ልጇን ከጎኗ አቁማለች፤ ጉንጩ ሞላ ያለ ነው፤ ሦስት ዓመት ገመትሁት። «አምስት ሞልቶታል» አለች። ጥቂት ራቅ ብሎ የአባቱን ግመል የያዘ የአፋር ልጅ ቆሟል፤ ረጅም ነው፣ የጎድን አጥንቱ ግን ይቆጠራል። የመጀመሪያው ረሀብ እህል እየበሉ ወተትና ሥጋ የማያገኙበት፣ ቀስ ብሎ ዓመታት የሚወስድ ረሀብ መሰለኝ፤ ሁለተኛው ወተት ሲደርቅ በሳምንታት የሚመጣ ነው። ጥናቱ የተካሄደው ከዚያው ደላላው ከነገረኝ ድርቅ ቀጥሎ ባሉት ወራት መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። ስለዚህ የትኛው ሕዝብ ተሻለ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በየትኛው ወር እንደተጠየቀ ይለያያል።

ሌላም ያናደደኝ ነገር አለ፣ የተናደድሁትም በራሴ ነው። ጥናቱ የሚቆጥረው በክልል ነው፤ እኔ «ክልል» የሚለውን ሰርዤ የሕዝብ ስም ጻፍሁበት። ባቲ ያለችው በአማራ ክልል የኦሮሞ ዞን ውስጥ ነው። ሦስቱን ቋንቋ የሚናገረው ደላላ ኦሮሞ ነው፤ በደብተሬ ግን «አማራ» ተብሎ ተቆጥሯል፣ የደብረ ማርቆሱ እኔም ከእርሱ ጋር።

ደሞም ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን የቆሙ አይደሉም፤ አንዱ በሌላው ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. በወሎ ስለደረሰው ረሀብ የጻፈው ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ሰው በሚያልቅበት ጊዜ በደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይጫን ነበር። ገበሬው ምርቱ ስለጠፋ የሚገዛበት አልነበረውም። አፋሩ ደግሞ ከብቱ ከማለቁ በላይ የተረፈውም ሲሸጥ የሚያመጣው እህል አነሰ። ከዚያም በፊት ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአዋሽ ዳር በተስፋፉት የጥጥ እርሻዎች፣ በተንዳሆ ጭምር፣ በበጋ የሚሸሽበትን ግጦሽ አጥቶ ነበር። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በ1977 ይህችው ባቲ የረሀብተኞች መጠለያ ሆነች፤ ደገኛውም ቆለኛውም እዚሁ ወረደ። እዚያ ሻይ ቤት ተቀምጦ ይህን ማሰብ ይከብዳል፤ ባለ ሻይ ቤቱ ስኳር ሦስት ማንኪያ ጨምሮልኝ ስለነበር ሻዩም አልወረደልኝም።

ልመለስ ስል አንዲት የአፋር አሮጊት በጭስ ከታጠነ ዕቃ የግመል ወተት በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። ብር ሳወጣ እጄን በእጃቸው መልሰው ዘጉት። የጎጃም ሰው ስለሆንሁ ወተት የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ለእትዬ ከተሰናበትሁ በኋላ፣ የአውቶቡሱ ሰዓት እስኪደርስ ኮምቦልቻ የእህል መጋዘኖች ወዳሉበት ሰፈር ሄድሁና የመጀመሪያውን ነጋዴ ማሽላ ስንት ገባ ብዬ ጠየቅሁ። በኩንታል 1,150 ብር ነበር። ከባቲው በ150 ብር ይቀንሳል፤ ዐሥር ኩንታል ለሚገዛ ሰው አንድ ፍየል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የተጠየቅሁትን ዘግይቼም ቢሆን ለመመለስ ብዬ ስልኩን ለሰጠኝ ደላላ ደወልሁለት።

«እሱንማ ትናንት ማታ ሰምተውታል፣ መምህር» አለኝ እየሳቀ። «ስድስት ሆነው አንድ አይሱዙ ተኮናትረው በሌሊት ወደዚያው መጥተዋል። አላዩዋቸውም?»

ከመጋዘኑ በር ላይ አንድ አይሱዙ ቆሞ፣ ሁለት ወጣቶች ከረጢት ይጭኑበት ነበር።