የዶርሴት ጋብቻ ዊልትሸር ሲገኝ

የምሠራው የሰዎችን የቤተሰብ ታሪክ እያፈላለገ በሚያቀርብ ትንሽ ቢሮ ነው። አንዲት ደንበኛ እንግሊዝ አገር፣ ዶርሴት ውስጥ፣ ሸርቦርን የኖሩ የቅድመ አያቶቿን ጋብቻ ፈልጉልኝ አለች። ጊዜው በ1780ዎቹ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሸርቦርንን መዝገብ ራሷ አገላብጣ አጥታለች። «ሳይጋቡ ነው የወለዱት» ብላ ደምድማለች።

ባልደረባዬ አልተዋጠለትም። ከ1754 ጀምሮ፣ ኩዌከር ከሚባሉት የፕሮቴስታንት ወገኖችና ከአይሁድ በቀር፣ ተራው ሰው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካልተጋባ ጋብቻው አይጸናለትም ነበር። ወይ ሦስት እሑድ በቤተ ክርስቲያን ይታወጃል፣ ወይ ፈቃድ ይወጣል። ፈቃዱን ተጋቢዎቹ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ሙሽራው የፈረመበት የመሐላና የዋስትና ወረቀት ግን ሰጪው ዘንድ ይቀራል። እኛ የምንፈልገው ይኼንን ነው።

ሰጪው ታዲያ ማን ነው? ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ አብዛኛው ዶርሴት የሶልዝበሪ ሀገረ ስብከት ነው። ከ1542 እስከ 1836 ግን የብሪስቶል ነበር። ካርታ ብታዩ ትገረማላችሁ፦ በመሀላቸው ሱመርሴት፣ ያውም የሌላ ጳጳስ አገር፣ ተዘርግቷል!

ባልደረባዬ የብሪስቶልን ወረቀቶች ሊያዝ ሲል አለቃችን አስቆመችው።

«ሸርቦርን እኮ ያኔ የጳጳሱ አልነበረችም፤ የሶልዝበሪው ዲን ግዛት ነበረች።»

እውነቷን ነው። በየሀገረ ስብከቱ መሀል ሆነው ለአካባቢው ጳጳስ የማይታዘዙ አጥቢያዎች ነበሩ። የሶልዝበሪ ካቴድራል አለቃ የሆነው ዲንም የራሱ ነበሩት፤ ዶርሴት ውስጥ ሸርቦርን፣ ዊልትሸር ውስጥ ሚር፣ በርክሸር ውስጥ ሶኒንግ። የተበታተኑ ነበሩ፣ ግን ፈቃድ የሚሰጣቸው አንድ ቢሮ ነበር። ወረቀቶቹ ዛሬ ቺፕንሃም ባለው የዊልትሸር ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

እዚያ ጠየቅን። ዋስትናው ተገኘ። ሙሽራው የሚር ሰው ነው፤ ሙያው ሳይቀር ተጽፏል።

ደንበኛዋ በዚህ ደስ ብሏት ልትዘጋው ነበር። አለቃችን እምቢ አለች። ፈቃድ አውጥቶ ሳያገባ የቀረ ሞልቷላ! የሚርን መዝገብ አስከፈተች፤ ዋስትናው በተፈረመ በሳምንቱ ተጋብተዋል።

ደንበኛዋ ወዲያው ሌላ ጥያቄ አመጣች፦ በ1840ዎቹ ያገባች የልጅ ልጃቸው። ይቺ ቀላል ናት። ከሐምሌ 1837 ወዲህ ጋብቻን መንግሥትም ይመዘግብ ስለነበር፣ ባልደረባዬ ስሟን ከምሳ በፊት አገኘው።