ሁለቱ «ሃድ»

ደሴ ከገባሁ አራተኛ ቀኔ ነው። ጦሳ ጉም ለብሷል፤ እማዬ ቡና እየቆላች ነው። የእህቴ ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተሩን ይዞ መጣ።

«አክስቴ፣ እዚህ ጋ መምህሩ ተሳስቶ ነው? ‹ሃድ› ሁለቴ ተጽፏል።»

«ኢፍ አይ ሃድ ሃድ መኒ» ይላል። ይቺን ዓረፍተ ነገር መቼም አልረሳትም።

አባዬ ሲያርፍ አሜሪካ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የቲኬት ብር አጥቼ ቀብሩ ላይ ሳልገኝ ቀረሁ። አርባው ካለፈ በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገሩን አንስታ አጽናናችኝ። «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ እሄድ ነበር» ልላት ፈልጌ «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ውድ ጎ» አልኳት። በሳምንቱ ፖስታ ይዛ መጣች። ለቲኬት ብላ ከሠራተኛው ያሰባሰበችው ዶላር ነው። እኔ የነገርኳት ያለፈውን ቁጭቴን ነበር። እሷ የገባት ግን ዛሬ ብር ቢኖረኝ ዛሬ እንደምሄድ ነው። ፖስታውን ይዤ አለቀስኩ። ሳስረዳት እዚያው ጀርባው ላይ ጻፈችልኝ፦ «ኢፍ አይ ሃድ ሃድ መኒ፣ አይ ውድ ሃቭ ጎን»።

የእኛ «ቢኖረኝ ኖሮ እሄድ ነበር» ለዛሬም ለትናንትም ይሆናል። ጊዜውን ከወሬው እናውቀዋለን። እንግሊዝኛ ግን ግሡ ላይ ካልሰማ አያውቅም። እዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ «ሃድ» ብቻ ከሆነ፣ መልኩ ያለፈ ይምሰል እንጂ ወሬው የዛሬ ነው። ትናንት ለማለት ሌላ «ሃድ» ይጨመራል፤ ማሰሪያው ላይም «ውድ ሃቭ» ይመጣል። ደግሞ ጆሮም ያታልላል። ሲናገሩት የመጀመሪያውን «ሃድ» ይውጡትና «አይድ ሃድ» ይሉታል። «አይ ውድ»ም ሲያጥር ያው «አይድ» ነው። ትምህርት ቤት ቀመሩን እንደ ዳዊት ደግመነዋል። ይሄን ግን ማንም አልነገረንም።

ልጁን «‹ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ› በል እስቲ» አልኩት። አለ።

«‹ኖረ› ስንቴ ገባ?»

በጣቱ ቆጠረ። «ሁለቴ!»

«አየህ፣ መምህርህ አልተሳሳተም። የእኛ ረዳት ከኋላ ይመጣል፣ የእነሱ ከፊት። ሁለቴ መምጣቱ ግን ያው ነው።»

እማዬ ስኒ እየደረደረች ትሰማናለች። «አባትሽ ቢኖር ኖሮ ይሄኔ አጠገባችሁ ይቀመጥ ነበር» አለች።

ልጁ እርሳሱን አነሳ። «ይሄስ በስንት ‹ሃድ› ነው?»

«ይሄ የዛሬ ነው» አልኩት። «እዚህ ‹መኖር› መገኘት ነውና ‹ሃድ› የለውም። ‹ኢፍ ሂ ወር ሂር› ብለህ ጻፍ።»