ከወለቃ በላይ ያለው ዳገት፦ አሮጌዋን ሂሉክስ ለመጎተት ያበቃሁበት ሂደት

እኔና ወንድሜ በጋራ የገዛነውን የእህል መውቂያ ማሽን ከጎንደር እየጎተትኩ በወገራና በዳባት አውድማዎች ማከራየት ከጀመርኩ ይህ ሦስተኛው የመኸር ወቅት ነው። የምጎትትባት መኪና 2,779 ሲሲ የሆነ 3ኤል ሞተር ያላት፣ ተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌላት አሮጌ ቶዮታ ሂሉክስ ናት። ዘጠኝ ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ማሽን ከኋላዋ ሲታሰርና የናፍታ በርሜል፣ መለዋወጫ ቺንጋና ሁለት ረዳቶች ሲጫኑባት፣ ከጎንደር በስተ ሰሜን ካለችው ወለቃ አልፎ ወደ ኮሶዬ የሚያወጣው ዳገት ላይ ጉልበቷ ያልቃል። አምና አንዳንድ ቦታ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ ከኋላዬ የተደረደሩትን የአይሱዙዎች ክላክስ ሳዳምጥ ከከረምኩ በኋላ፣ ዘንድሮ ከመስከረም ጀምሮ ነገሩን በሥርዓት ልፈትሸው ወሰንኩ። ተመሳሳይ ሥራ ለምትሠሩ ባለ ፒክአፖች ይጠቅም እንደሆነ ያደረግሁትን ከነስሕተቴ አስቀምጣለሁ።

አስቀድሜ ያበጀሁት መለኪያ ነው። «ተሽሏታል» የሚል ስሜት ያታልላል፤ እኔ እንኳ መኪናዋ በታጠበች ቀን የምትፈጥን ይመስለኛል። ስለዚህ ከወለቃ በላይ ካለች አንዲት ትንሽ ድልድይ እስከ አንድ ትልቅ ወይራ ያለውን ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት መርጬ፣ ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ በተመሳሳይ ጭነትና በሁለተኛ ማርሽ እየወጣሁ በስልኬ ለካሁ። የመጀመሪያው ውጤት 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነበር።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,133 ሜትር ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 77 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ 2,850 ሜትር ላይ ባለችው ደባርቅ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ተርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚስበው በራሱ ትንፋሽ ብቻ በመሆኑ፣ ሲሠራ ወደ 90 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር እዚህ ከ70 ብዙም አያልፍም። ይህ ኪሳራ በመፍቻ አይመለስም።

እኔ ግን በመፍቻ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። አንድ ጋራዥ ውስጥ «ናፍታ እንጨምርላት» ተብዬ ናፍታውን ለሞተሩ የሚመጥነው የፖምፓው ቪቴ ግማሽ ዙር እንዲጠብቅ ፈቀድኩ። ሜዳ ላይ በእርግጥ ነቃ ብላ ነበር። ዳገቱን ስጀምር ግን በመስታወት ከኋላዬ ያለው ማሽን እስኪሰወርብኝ ድረስ ጥቁር ጭስ ለቀቀች፤ ወይራው ጋ ስደርስ የሙቀት መለኪያው ከወትሮው በላይ ወጥቶ ነበር፤ ያተረፍኩት ደግሞ 15 ሰከንድ ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያማከርኳቸው አንድ የአዘዞ አንጋፋ መካኒክ ጭሱን አይተው፣ «ልጄ፣ ይቺ መኪና የራባት አየር እንጂ ናፍታ አይደለም፤ የተረፋትን ለሰማይ ነው የምትገብረው» አሉኝ። ለማቃጠል የሚበቃ አየር ሳይኖር የሚጨመረው ናፍታ ጥቁር ጭስና ሙቀት ከመሆን አያልፍም፤ ሙቀቱም ፒስተኑንና ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ይጎዳል። ቪቴው ወደ ቦታው ተመለሰ።

እሳቸው ቀጥለው ያገኙት ጉድለት እስካሁን ያሳፍረኛል። ወንድሜን ሞተሩ ሳይነሳ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው እንዲረግጥ አዘዙትና እኔን ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብዬ እንዳይ ጠሩኝ። ፔዳሉ ወለል ነክቷል፤ በናፍታ ፖምፓው ጎን ያለችው፣ ሽቦው የሚስባት ክንድ ግን ከማቆሚያዋ ሳትደርስ ትንሿ ጣቴ የምታልፍበት ክፍተት ቀርቷል። ሽቦው ረግቧል፤ በዚያ ላይ እኔው ራሴ ለጭቃ ብዬ የደረብኩት ሁለተኛ ምንጣፍ ፔዳሉን ቀድሞ ይይዘዋል። አምና ክረምት ከበጋ «ሙሉ ነዳጅ ሰጠሁ» ስል የኖርኩት ሙሉውን ሰጥቼ አልነበረም። ሽቦውን ማጥበቁና ምንጣፉን ማንሣቱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ እሳቸውም ሒሳብ አልተቀበሉኝም።

በዚያው ቀን የአየር ፊልትሮውን ሳወጣው የገብስ እብቅ በእጥፋቶቹ መካከል እንደ ግድግዳ ጭቃ ተመርጎበት አገኘሁ። አውድማ ላይ መኪናዋን ከነፋሱ በታች የማቆም ልማዴን ትቼ፣ አሁን በሥራ ሰሞን በየማታው ከፍቼ አየዋለሁ፤ ስናጸዳውም አየሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የምንነፋው። የናፍታ ፊልትሮውም ተቀየረ፤ በጀሪካን የምንገዛው ናፍታ ውሃ አያጣውምና ሥሩን እየከፈትኩ አፈሳለሁ። የእነዚህ ሁሉ ድምር ልኬቱን ወደ 5 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አወረደው።

ጥቅምት ላይ ታይሚንጉ፣ ማለትም ናፍታው የሚረጭበት ቅጽበት፣ ታየ። ጠዋት ስትነሳ ለጥቂት ደቂቃ ነጭ ጭስ ታወጣ ነበር፤ እኔ ከብርዱ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የሞተሩ የታይሚንግ ቺንጋ ሲቀየር የፖምፓው አቀማመጥ ሳይለካ በመታሰሩ ናፍታው ዘግይቶ ይረጭ ኖሯል። ከተስተካከለ በኋላ ነጩ ጭስ ቀረ፣ 5 ደቂቃ ከ35 ሰከንድም ገባሁ።

ትልቁን ለውጥ ያገኘሁት ግን ኮፈኑን ሳልከፍት ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ለግርማ ሞገስ ብሎ 265/75 አር16 ጎማ አስገብቶላታል፤ መኪናዋ የተሠራችው ግን ለ205 አር16 ነው። የትልቁ ጎማ ቁመት 8 በመቶ ገደማ ስለሚበልጥ፣ እያንዳንዱ ማርሽ በዚያው ልክ ከበደ ማለት ነው። ይህ ሞተር የመጎተት አቅሙ የሚጎላው ወደ 2,400 ዙር አካባቢ ሲሆን፣ ትልቁ ጎማ ግን ዳገት ላይ ከዚያ በታች አፍኖ ይይዘው ነበር። የዙር መለኪያ ስለሌላት የማውቀው በጆሮዬ ነው፤ ቀድሞ እንደሚያቃስት ሰው የነበረው ድምፅ፣ ጎማው ከተቀየረ በኋላ ቀጥ ያለና የማያቋርጥ ሆነ። ልኬቱ 5 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። ጓደኞቼ መኪናዋ አጠረች ብለው ይስቁብኛል፤ አሮጌዎቹን ጎማዎች ግን ሸጬ የአዲሶቹን ወጪ ግማሽ ያህል ሸፍኛለሁ።

ተርቦ ለማስገባትም አስቤ ነበር፤ ከፍታ የሚነሳንን አየር በእርግጥ የሚመልሰው እሱ ብቻ ነውና። ነገር ግን የ3ኤል ሞተር የእምቅታ መጠን (አየሩን በሲሊንደር ውስጥ የሚጨምቅበት ልክ) ከ22 ለ1 በላይ ነው፤ ፒስተኖቹም ለተርቦ ግፊት የታሰቡ አይደሉም። በትንሽ ግፊት የሚጠቀሙበት ቢኖሩም፣ ኅዳር ላይ ቴስታታ ቢሰነጠቅብኝ የዓመቱ ገቢዬ አብሮ ስለሚሄድ ተውኩት። ሌላ መተዳደሪያ ያለው ሰው የተለየ ውሳኔ ሊወስን ይችላል።

የጨመረው ጉልበት ፍሬኑን አልጨመረውም። ማሽኑ የራሱ ፍሬን ስለሌለው፣ ከኮሶዬ ስመለስ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ሞተሩ እንዲይዘኝ አደርጋለሁ። ማሽኑንም ስናስር ክብደቱ ትንሽ ወደ ፊት እንዲያደላ እናደርጋለን፤ ወደ ኋላ ያደላ እንደሆነ የመኪናዋን ቂጥ አንሥቶ ግራና ቀኝ ይወዘውዛታል።

ባለፈው ሳምንት አምባ ጊዮርጊስ ደርሼ የማሽኑን ጎማዎች መሐል በእጄ ስነካ የግራው ከቀኙ ይልቅ ይፋጃል፤ ኩሽኔታው ሳይይዘው አልቀረም። ፈትቼ ቅባቱን ከቀየርኩ በኋላ ያንኑ ዳገት ደግሜ ለክቼ ቁጥሩን አሳውቃችኋለሁ።