ስምንት ማዕዘኗ የሄፕተንስቶል ቤተክርስቲያን፣ የአራት ወር የጥናት ልምዴ

ሰላም ቤተሰብ፣ የአካባቢ ታሪክ ማጥናት ከጀመርኩ አራት ወር ሞላኝ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው። የያዝኩት ሰሜን እንግሊዝ ሄፕተንስቶል የምትባል መንደር ውስጥ ያለችውን ትንሽዬ የሜቶዲስት ቤተክርስቲያን ነው። እኔ ሊድስ ነው የምኖረው፣ በባቡር ሄብደን ብሪጅ እወርድና ከዛ በትረስ የሚባል በድንጋይ የተነጠፈ አቀበት አለ፣ ድሮ የጭነት ፈረሶች ሱፍና ጨርቅ ተሸክመው የሚወጡበት፣ እሱን ስትጨርሱ መንደሯ አናቱ ላይ ተቀምጣ ታገኟታላችሁ። (ዝናብ ካለ ግን ጫማችሁን አስቡበት፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል።)

የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ያነበብኩት የሜቶዲስት እንቅስቃሴን ስለመሰረተው ሰባኪ ስለ ጆን ዌስሊ ነው፣ 1703 ኤፕዎርዝ መወለዱን፣ በፈረስ አገር ለአገር እየዞረ ሜዳ ላይ መስበኩን ምናምን። ጥሩ ነበር ግን የመንደሯን ታሪክ አልሰጠኝም፣ ምክንያቱም ለመንደሯ ዌስሊ እንግዳ ነው፣ ይመጣል ይሰብካል ይሄዳል። መሬቱን ያለሰለሱት ሌሎች ናቸው፣ አንዱ ዊልያም ዳርኒ የሚባል እየዞረ የሚነግድ ስኮትላንዳዊ ሰባኪ፣ ሌላው ደግሞ ከኮረብታው ማዶ ሃዎርዝ ላይ ከ1742 ጀምሮ እስኪሞት እስከ 1763 ያገለገለው የአንግሊካኑ (የእንግሊዝ ቤተክርስቲያን) ቄስ ዊልያም ግሪምሾ። የሚሰሟቸው ደግሞ ቤታቸው ቁጭ ብለው በእጅ የሚሸምኑ ሰዎች ነበሩ፣ አሁንም ቤቶቹን ብታዩ መስኮታቸው ረድፍ ሰርቶ የተደረደረ ነው፣ ለሽመና ብርሃን እንዲገባ።

ሁለተኛው ወር ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ህንጻውን ማየት ጀመርኩ፣ እስካሁን ከሰራሁት ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው። የተሰራችው 1764 ነው፣ ስምንት ማዕዘን ናት። እኛ ስምንት ማዕዘን ቤተክርስቲያን ሲባል ቶሎ የሚመጣልን አራዳ ጊዮርጊስ ነው አይደል፣ እዛ መሀሉ መቅደሱ ነው፣ ቅድስቱና ቅኔ ማህሌቱ ይከቡታል። እዚህ ግን መሀሉን የያዘው ህዝቡ ነው፣ ቅርጹ የተመረጠውም ለጆሮ ነው፣ ሰባኪው የትም ላለው ሰው እኩል እንዲሰማ። ዌስሊ 1757 ኖሪች ከተማ ላይ የሌላ እምነት ወገኖች የሰሩትን ባለ ስምንት ማዕዘን አይቶ በጣም ወደደው፣ ከዛ ሜቶዲስቶች የመጀመሪያቸውን 1761 ሮዘራም ላይ ሰሩ። የሄፕተንስቶል ጣሪያም እዛው ሮዘራም ተዘጋጅቶ በጭነት ፈረስ ተጭኖ መጣ ነው የሚባለው። ያንን አቀበት በእግሬ ስለወጣሁት ይሄን ወሬ ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይንቦጫቦጫል፣ ያ ሁሉ እንጨት! ዌስሊ ራሱ በ1764 መጥቶ የሰበከው ገና ግድግዳው ብቻ ቆሞ እያለ ነው።

አንድ ቀን ዙሪያዋን በእርምጃ እየለካሁ ስምንቱ ጎን እኩል አልሆን አለኝ፣ ሁለቱ በጣም ረዘሙብኝ፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ቆጠርኩ ያው ነው። በኋላ ሳነብ በ1802 ህዝቡ አልችል ሲላት ጎንና ጎኗን አስረዝመዋታል። እኔ እኮ ደረቅ ቁጥር አድርጌ ያለፍኩትን ዓመት እግሬ ነገረኝ፣ ስለዚ ለጀማሪ የምለው ሰነድ ከመክፈታችሁ በፊት ሄዳችሁ ዙሩት፣ ለኩት፣ የማይገጥመውን ጻፉ።

ሦስተኛው ወር በቀን አቆጣጠር አለፈ። የሜቶዲስት አባላት አስራ ሁለት አካባቢ እየሆኑ በቡድን ይሰበሰባሉ፣ መሪ አላቸው፣ በሳምንት አንድ ፔኒ ያዋጣሉ፣ የኛን ማህበር ነው ያስታወሰኝ። አሰራሩ የተጀመረው ብሪስቶል ላይ የህንጻ ዕዳ ለመክፈል ፌብሩዋሪ 1742 ነው፣ ግን በዛ ዘመን አጻጻፍ ያው ወር 1741 ነው የሚሆነው፣ ሁለት የተለያየ ነገር መስሎኝ ለየብቻ መዝግቤው ነበር። ለካ እንግሊዞች እስከ 1751 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገቡት ማርች 25 ነው! 1752 ላይ ወደ ጃንዋሪ 1 አመጡት፣ በዛው ዓመት ካላንደሩንም ሲቀይሩ ከሴፕቴምበር 2 ቀጥታ ወደ 14 ዘለሉ። መስከረም ላይ ዓመት ቀይረን ከፈረንጁ ጋር እያስታረቅን ያደግን ሰዎች ይሄን ከማንም በላይ እንረዳዋለን፣ ብቻ ከ1752 በፊት ያለ ቀን ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጎኑ ላይ አስፍሩ።

አራተኛው ላይ ሰነድ ፍለጋ ገባሁ። ሁለቱን ልንገራችሁ። እነዚህ ቤተክርስቲያኖች የጥምቀት መዝገባቸውን መንግስት የልደት ምዝገባ በ1837 ከጀመረ በኋላ አስረክበዋል፣ አሁን ለንደን ኪው የሚባል ሰፈር ባለው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ነው ያለው፣ የአባት ስም ምናምን ከዛ ይገኛል። ሌላው የ1851 የሃይማኖት ቆጠራ ነው፣ ማርች 30 እሁድ ዕለት በየቤተክርስቲያኑ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ስንት ሰው መጣ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ስንት ወንበር ነጻ እንደሆነ ስንቱ ደግሞ በኪራይ እንደሆነ ሳይቀር። የኪራይ ወንበር የሚለው አሳዘነኝ፣ ያ ክብ ለማለት ምንም ያልቀረው አዳራሽ ውስጥ ሁሉም እኩል ይሰማል ግን እኩል አይቀመጥም ነበር ማለት ነው።

ሰነዱ ዝም ያለውን ነገር ደግሞ መንደሯ ራሷ ትናገራለች፣ የጨርቅ ፋብሪካው በውሃ ከዛ በእንፋሎት መስራት ሲጀምር ስራው ወደ ሸለቆው ወርዶ ሄብደን ብሪጅ አደገች፣ ላይኛዋ ባለችበት ቀረች። ትልቅ ከተማ ብትሆን ኖሮ ስምንት ማዕዘኗን አፍርሰው ሰፊ ይሰሩ ነበር ብዬ ነው የማስበው።

የሚቀጥለው ስራዬ ሃሊፋክስ ያለው መዝገብ ቤት ሄጄ የሂሳብ ደብተር መጠየቅ ነው፣ ማን ድንጋይ አመጣ፣ ለማን ስንት ተከፈለ የሚለውን፣ ሸማኔዎቹን በስማቸው ማግኘት እፈልጋለሁ። የ18ኛውን ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ እጅ ጽሁፍ ማንበብ የለመዳችሁ ካላችሁ በምን እንደተለማመዳችሁ ጻፉልኝ፣ ድሮ ይጽፉት የነበረውን፣ ኤፍ የሚመስለውን ረጅሙን ኤስ ከኤፍ መለየት እስካሁን እያስቸገረኝ ነው።