ለትከሻ የተለካ ዘንግ

ፋብሪካ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሲያወጣ ማን እንደሚይዘው አያውቅም። ሰውየው አጭር ይሁን ረጅም፣ ትከሻውን ይመመው አይመመው፣ ሐይቅ ላይ ያጥምድ ባሕር ላይ፣ የሚጠይቅ የለም። እኔ እዚህ ሜሪላንድ፣ ከሥራ በሚተርፈኝ ሰዓት፣ ተቃራኒውን ነው የማደርገው። መጀመሪያ ሰውየውን አያለሁ። ቀጥሎ የት እንደሚያጠምድ እጠይቃለሁ። ዘንጉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ከጋሞ ደጋ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ሸማኔ ነበር። እኛ ቤት ልጅ ሆኖ ሥራ መፍታት የለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ማግ በቀሰም ላይ እያጠነጠንኩ አቀብለው ነበር። ክር ሲከርር፣ ሲላላ፣ ሊበጠስ ሲል ጣቴ ያውቀዋል። አሜሪካ ስመጣ ያገኘሁት ሥራ ግን ዲሲ መሐል መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ትኬት መስጠት፣ ገንዘብ መቀበል፣ መኪና ማስገባትና ማስወጣት። ሥራውን አላማርርም፣ ቤተሰቤን ይዞልኛል። እጄ ግን ሥራ ፈታ። ምንም ነገር ሠርቶ ሳይጨርስ ዓመት ያልፋል። ይሄ ስሜት እጁ ሙያ ለምዶ ለተሰደደ ሰው ሁሉ የሚገባው ይመስለኛል። ልብስ ሰፊው፣ አናጢው፣ ወርቅ ሠሪው እዚህ መጥቶ መሪ ጨብጦ ወይም መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ይውላል።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የጋራዡን በር ከፍቶ ረጅም ጥቁር ዘንግ ላይ ቀይ ክር ሲጠመጥም አየሁት። እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ጥቂት አየኝና ወንበር ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ዘንጉ መጀመሪያ ባዶ ነው፣ ብላንክ ይሉታል። ስስ የካርቦን ሉህ በብረት ላይ ተጠቅልሎ፣ ምድጃ ውስጥ በሙቀት ጠንክሮ፣ ብረቱ ከውስጡ ሲወጣ የሚቀረው ክፍት ቱቦ ነው። ሉሁ የሚደራረብበት ጎን ከሌላው ጠንከር ስለሚል፣ አንዳንድ ሠሪዎች ያንን ጎን ፈልገው ቀለበቶቹን በእሱ ልክ ያስቀምጣሉ። እኔ ቀጥ ያለ መሆኑን አስቀድማለሁ። የተጣመመ ዘንግ ዓይንም ውርወራም ያበላሻል። መያዣው፣ ሪሉ (ማጥመጃው ገመድ የሚጠቀለልበት ማሽከርከሪያ) የሚታሰርበት ቦታና ላይኑ (ራሱ ማጥመጃው ገመድ) የሚያልፍባቸው ቀለበቶች በሙሉ የሚገጠሙት በእኛ እጅ ነው።

ክር የሚገባው ቀለበቶቹ ላይ ነው። ቀለበት በሙጫ ብቻ አይያዝም። እግሩ በናይለን ክር ተጠምጥሞ፣ ክሩ ደግሞ ኢፖክሲ የሚባል፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ይቀባል። ከመጠምጠሙ በፊት የእግሩን ጫፍ በሞረድ እያሳሳሁ እንደ ምላስ ጫፍ አቀጥነዋለሁ። ይሄ ካልተደረገ ክሩ ወደ እግሩ ሲወጣ ክፍተት ይተዋል፣ ያ ክፍተት በኋላ የጨው ውሃ መግቢያ ይሆናል። ክሩን ከእግሩ ትንሽ ራቅ ብዬ ካርቦኑ ላይ እጀምራለሁ። ጫፉን በራሱ ላይ አምስት ስድስት ዙር አስረግጬ ትርፉን በምላጭ እቆርጣለሁ። ከዚያ ዘንጉን በቀስታ እያዞርኩ ክርን ከክር ጎን አስተኛለሁ። በመሐላቸው ካርቦኑ መታየት የለበትም። ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው አንድ እጥፍ ክር ከሥር አስገብቼ በላዩ ላይ መጠምጠሜን እቀጥላለሁ። መጨረሻ ላይ ዋናውን ክር ቆርጬ በእጥፉ ውስጥ አሾልከዋለሁ። እጥፉን ስስበው የክሩ ጫፍ ከዙሮቹ ሥር ይገባና ይጠፋል። ቋጠሮ የሚባል ነገር የለም።

የክሩ ውጥረት ላይ ነው ጎረቤቴ የተገረመው። በጣም ከከረረ የቀለበቱ እግር ካርቦኑን ይጫነዋል። ትልቅ ዓሣ ይዞ ሲጎብጥ ዘንጉ ከዚያው ቦታ ሊሰበር ይችላል። ከላላ ደግሞ ቀለበቱ ይንቀሳቀሳል። ለዚህ የክር መወጠሪያ ብሎን አለ፣ እሱም በብሎኑ ነበር የሚሠራው። እኔ ክሩን በሁለት ጣቴ መሐል አሳልፌ ጠመጠምኩ። አይቶ ዝም አለ። ከዚያ "ይሄንን የት ተማርክ?" አለኝ። ስለ አባቴ የነገርኩት ያን ዕለት ነው። እዚህ አገር ስለ አባቴ ሙያ በኩራት ያወራሁበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። አገር ቤት ሸማኔ እንዴት ይታይ እንደነበር የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ጨዉ ልምጣ። ይሄ ካልገባን የባሕር ዘንግ ለምን ለብቻው እንደሚሠራ አይገባንም። ቼሳፒክ ቤይ ወደ 320 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ7 ሜትር የማይበልጥ የውሃ አካል ነው። ከላይ ወንዞች ይገቡበታል፣ ከታች አትላንቲክ ይገባበታል። ስለዚህ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሄድክ ቁጥር ጨዉ ይጨምራል። እኛ የምንሄደው ብዙ ጊዜ ፖይንት ሉክአውት ነው፣ የፖቶማክ ወንዝ ከቤዩ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሰሜኑ ጦር የደቡብ ምርኮኞችን ያሰረበት ቦታ ነበር፣ አሁን መናፈሻ ነው። እዚያ ውሃው የውቅያኖሱን ጨው ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ግማሹም ቢሆን ርካሽ ብረት ለመብላት ይበቃዋል።

መጀመሪያ ከሱቅ የገዛሁት ዘንግ አንድ ወቅት ሳይሞላው ከቀለበቶቹ ሥር ቡናማ ዝገት አወጣ። ዝገቱ የሚጀምረው ከማይታየው ቦታ፣ ከክሩ ሥር ነው። ውሃው በትንሽ ስንጥቅ ይገባና አይደርቅም፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ለባሕር ዘንግ ቀለበት ላይ መቆጠብ ጥሩ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ጥሩ ስቴንለስ ይበቃል፣ አቅም ካለ ታይታኒየም ከሁሉም ይሻላል። አይዝግም፣ ደግሞም ቀላል ነው። የውስጡ ሴራሚክም ወሳኝ ነው። አሁን አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ብሬድ ላይን (ተጎንጉኖ የተሠራ ላይን) ርካሽ ቀለበት ላይ ቦይ ይቆፍራል፣ ከዚያ ያ ቦይ ራሱ ላይኑን ይበጥሰዋል። የጃፓኑ ፉጂ የሚሠራቸው ሲሊከን ካርባይድ ቀለበቶች ይሄንን ይችላሉ። ዋጋቸው ይከብዳል። እኔ ግን ብላንኩ ላይ ቆጥቤ ቀለበቱ ላይ ብጨምር እመርጣለሁ።

በጣም የምወደው ዘንግ ለአንድ ጋሼ ለምንላቸው ሰው የሠራሁት ነው። ዕድሜያቸውን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ቀኝ ትከሻቸው ተጎድቷል። ባሕሩ ዳርቻ ከእኛ ጋር ይመጣሉ፣ ግን ትንሽ ወርውረው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያዙኝ።

"አንተ ልጅ፣ ዘንግ ትሠራለህ አሉኝ። ለእኔ የሚሆን ይኖርሃል?"

"የለኝም ጋሼ። ክንድዎን ከለካሁ ግን ይኖረኛል።"

"ሱፍ ልታሰፋልኝ ነው እንዴ?" አሉና ሳቁ። ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

የለካሁት ከመዳፋቸው እስከ ክርናቸው ያለውን ነው። የሱቁ ዘንግ መያዣ ለእሳቸው ረጅም ስለሆነ ሲወረውሩ ጎናቸውን ይመታ ነበር። እሱን ለመሸሽ ክንዳቸውን ወደ ውጭ ይከፍታሉ፣ ትከሻቸውን የሚያሳምመው ያ ነው። ስለዚህ መያዣው ከክርናቸው ሥር እንዲያልቅ አሳጠርኩት። ባለ 7 ጫማ፣ ከ8 እስከ 17 ፓውንድ ላይን የሚችል ብላንክ መረጥኩ። ጫፉ ፈጥኖ የሚጎብጥ፣ ወገቡ ጠንካራ ነው። እንዲህ ያለው ጫፍ መደለያውን ራሱ ይወረውረዋል፣ ሰውየው ኃይል ማውጣት አይጠበቅበትም። ወደ ጫፉ ያሉት ቀለበቶች ትንንሽና ባለ አንድ እግር እንዲሆኑ አደረግኩ። ጫፍ ላይ ያለ ጥቂት ግራም እጅ ላይ ብዙ ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ ዘንግ የያዘ ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ የቀለበቶቹን ቦታ መፈለግ አለ። የመጀመሪያው ትልቅና ከፍ ያለ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ላይኑ ከሪሉ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። እሱ ጥምዝማዙን ይሰበስበዋል፣ ቀጣዮቹ እያጠበቡ ቀጥ ያደርጉታል። ሁሉንም በጊዜያዊ ፕላስተር አስሬ፣ መያዣውን ጠረጴዛ ላይ አጥብቄ፣ ላይኑ ጫፍ ላይ ውሃ የተሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንጠለጠልኩ። ዘንጉ ሲጎብጥ ላይኑ የጉብጠቱን ቅርጽ ተከትሎ መሄድ አለበት። በሁለት ቀለበት መሐል በሹል ከታጠፈ ጭነቱ እዚያ ተከማችቷል ማለት ነው። ያኔ ቀለበቱን ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ እያልክ ታስተካክላለህ። ጋሼ አጠገቤ ቡና ይዘው ቆመው "አሁንስ?" "አሁንስ?" ይሉኝ ነበር።

ሲያልቅ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ከመያዣው በላይ እናታቸው ይለብሱት የነበረው ቀሚስ ላይ ያለውን ጥለት ዓይነት ማድረግ ይቻል እንደሆነ። ይቻላል። ክሮችን በተለካ ርቀት እያቆራረጡ ዙሪያውን ሲሠሩት የአልማዝ ቅርጽ ይወጣል፣ ከጥበብ ጥለት ብዙም አይርቅም። ነጩ ክር ግን ጣጣ አለው። ተራ ነጭ ናይለን ኢፖክሲ ሲነካው ነጭነቱ ይጠፋል። መስታወት ይሆንና ከሥሩ ያለው ጥቁር ካርቦን ይታያል። ቢጫውም ይጠቁራል። ስለዚህ አስቀድሞ ቀለም የሚጠብቅ ፈሳሽ መቀባትና በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ነጭ መሬት የሌለው ጥለት ምኑን ጥለት ሆነ?

ኢፖክሲው ሁለት ፈሳሽ ነው፣ እኩል በእኩል ይለካል። ልኩ ከተዛባ ሲያጣብቅ ይኖራል እንጂ አይደርቅም። በቀስታ ነው የሚደባለቀው፣ ከተመታ አረፋ ይይዛል። አረፋ ከታየ የአልኮል መብራት ነበልባል በሥሩ ቶሎ ማሳለፍ ነው። ከዚያ ዘንጉ በትንሽ ሞተር ላይ ለሰዓታት ቀስ እያለ ይዞራል፣ ካልዞረ ኢፖክሲው ወደ ታች ወርዶ ያብጣል። የዚያን ሌሊት ቤት ውስጥ አቧራ የሚያነሳ ሰው አልፈልግም። ባለቤቴ ታውቃለች፣ መጥረጊያ አትነካም።

ጋሼ አሁን አይቀመጡም። በዘንጋቸው ክሮከር የሚባለውን ዓሣ ይይዛሉ፣ በመኸር ሮክፊሽ (ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ዓሣ) ይመጣል። በ2024 የወጣው ደንብ ቤዩ ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 1 ሮክፊሽ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ እሱም ከ19 እስከ 24 ኢንች መሆን አለበት። ከዚያ ካጠረም ከረዘመም ይመለሳል። አንዳንድ ወገኖቻችን በዚህ ይናደዳሉ። እኔ ደንቡን እደግፋለሁ። የአትላንቲክ ሮክፊሽ አብዛኛው የሚፈለፈለው እዚሁ ቼሳፒክ ውስጥ ነው፣ ትልልቆቹም እንቁላል ተሸካሚ እናቶች ናቸው። ክሮከሩ ደግሞ ጎኑ ተተልትሎ፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል እንደሚሠሩት በጋለ ዘይት ሙሉውን ተጠብሶ፣ በአዋዜና በሎሚ ይበላል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።

መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ክር የሚወጠርበትን ከእንጨት መሥራት ይቻላል፣ እኔም የሠራሁት እንደዚያ ነው። ለመጀመሪያ ዘንግ ብላንኩም፣ ቀለበቱም፣ መያዣውም አንድ ላይ ተመጥኖ የሚሸጥ ዕቃ ግዙ፣ ከመምረጥ ጭንቀት ያድናችኋል። መርፌ ቱቦ ለኢፖክሲ መለኪያ ስትገዙ ላስቲኩ ሲሊኮን ያልተቀባ መሆኑን እዩ። ሲሊኮን ካለው ኢፖክሲው ክሩ ላይ አልይዝም ብሎ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሠራል። የእጅ ቅባትም እንደዚያው ያደርጋል፣ ከመቀባታችሁ በፊት እጃችሁን በደንብ ታጠቡ።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋራዤ ክፍት ነው። ጎረቤቴም ይመጣል፣ ጋሼም ይመጣሉ። ሽመና የምታውቁ ካላችሁ በተለይ እናንተን እፈልጋለሁ። እኔ ያልደረስኩባቸው የአባቴ ጥለቶች አሉ፣ አብረን እንሞክራቸዋለን።